ፓምፕ ታርጋ የለውም፦ የነዳጅ ዋጋና የማጀቴ ጓዳ

(በማኅበራችን የተመራቂዎች መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር። ለመጽሔቱ እንዲመች በጥቂቱ ታርሟል።)



አዘጋጆቹ ርእሱን የሰጡኝ «የነዳጅ ዋጋ በቤተሰብ ወጪ ላይ ያለው ተጽዕኖ» ብለው ነው። ሰፊ ነው። እኛ ኢኮኖሚክስ የተማርን ሰዎች ደግሞ ሰፊ ርእስ ስናገኝ ደስ ይለናል፤ ስለ አገር በደፈናው እያወራን ሃያ ደቂቃ መግፋት አይከብደንም። እኔ ግን ዛሬ አገሩን ሁሉ ልዞርላችሁ አልፈለግሁም። አንድ ቦታ ላይ ቁጭ ብዬ ላውራ፤ ማጀቴ ላይ።

ማጀቴን የማታውቁ ትኖራላችሁ። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ደብረ ብርሃንን ታልፋላችሁ፤ የጣርማበርን ዋሻ ወጥታችሁ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ጃኬት ይወልቃል። ከዚያ ወደ አጣዬና ካራቆሬ ይቀጥላል፤ ማጀቴ ከዚህ ዋና የደሴ መንገድ ወደ ምዕራብ ገባ ብላ የምትገኝ፣ በአንጾኪያ ገምዛ ወረዳ ያለች ከተማ ናት። ማንጎው፣ ፓፓያው፣ ብርቱካኑ፣ ሽንኩርቱ፣ ጤፍና ማሽላው የዚያ አካባቢ ኑሮ ነው። ወረድ ሲሉ ማሾ አለ። ከዋናው መንገድ ገባ ያለች ናት ያልኩት ለጌጥ አይደለም፤ ዛሬ የምናገረው ግማሹ ነገር ያቺ የመጨረሻዋ መንገድ ላይ ነው ያለው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንያዝ። በታኅሣሥ 2014 በአዲስ አበባ አንድ ሊትር ቤንዚን 31 ብር ከ74 ሳንቲም፣ ናፍጣ 28 ብር ከ94 ሳንቲም ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ ቤንዚኑ 47 ብር ከ83፣ ናፍጣው 49 ብር ከ02 ሆነ። በመስከረም 2015 ቤንዚን 57 ብር ከ05፣ ናፍጣ 59 ብር ከ90። ከዚያ በየጊዜው እየጨመረ መጣና፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ፣ በመስከረም መጨረሻ 2017 ቤንዚን 91 ብር ከ14፣ ናፍጣ 90 ብር ከ28 ገባ። በታኅሣሥ መጨረሻ 2017 ደግሞ ቤንዚን 101 ብር ከ47፣ ናፍጣ 98 ብር ከ98። በሦስት ዓመት ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው።

ምክንያቱን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ስለዚህ ቶሎ ልለፈው። የአሰብ ማጣሪያ ከተዘጋ ወዲህ የምንጠቀመው የተጣራ ነዳጅ ሁሉ ከውጭ ይገዛል፣ በዶላር ይከፈላል፣ በጂቡቲ በኩል በቦቴ ይገባል። የዓለም ዋጋ ሲጨምር እንጨምራለን፤ የዓለም ዋጋ ባይጨምር እንኳ ብር ሲወርድ እንጨምራለን፤ መንግሥት ሲደጉም የነበረውን ሲተው ደግሞ ሌላ እንጨምራለን። ባለፉት ዓመታት ሦስቱም ተራ በተራ መጡ። ድጎማው ለዘላለም ይቀጥል ነበር የሚል ክርክር አላነሳም፤ ሊቀጥል አይችልም ነበር። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ሲነሳ ማን እንዴት ተሰላ?

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ላስታውሳችሁ፤ የታሪክ ክፍል መምህራኖቻችን ካጠፋሁ ያርሙኝ። በ1966 መጀመሪያ የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲተኮስ የንጉሡ መንግሥት የቤንዚን ዋጋን በግማሽ ያህል ጨመረ። የታክሲ ታሪፍ ግን በነበረበት ቆየ። በየካቲት 1966 የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራኑም በራሳቸው ጥያቄ ወጥተው ነበር። መንግሥት የቤንዚኑን ዋጋ መልሶ ቀነሰ፤ ነገር ግን ነገሩ ከእጁ ወጥቶ ነበር፣ በዚያው ወር የአክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ወረደ። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ይህን ያነሳሁት ስለ አብዮቱ ለማውራት አይደለም። ከዚያ ወዲህ በዚህች አገር ነዳጅ ማለት በባለሥልጣን ሁሉ ጭንቅላት ውስጥ ታክሲ ማለት ሆኖ ቀረ የሚል ግምት አለኝ፤ ግምት ነው፣ በማስረጃ አረጋግጫለሁ አልልም። የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር የመጀመሪያው ጥያቄ «ታክሲው ምን ይላል? አውቶቡሱ ምን ይላል?» ነው። ሰኔ 29 ቀን 2014 የጀመረውን የታለመ የነዳጅ ድጎማ ተመልከቱት። ድጎማው ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪ ነበር፤ ተሽከርካሪው ይመዘገብ፣ ታርጋው ይያዝ፣ ልዩነቱ በቴሌብር ይመለስ ነበር። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ሀብታም ባለ ቪኤይት ከደሃ ጋር እኩል የሚደጎምበትን ዘመን ለመዝጋት ነበር። ግን መሣሪያው ታርጋ ነበር። ታርጋ ያለው ይታያል፣ ታርጋ የሌለው አይታይም።

እንግዲህ ወደ ማጀቴ እንውረድ። በማጀቴና በዙሪያዋ ባለው ቆላ ነዳጅ የት ነው የሚነደው? ባጃጅ ላይ፣ ዶልፊን ላይ፣ አይሱዙ ላይ፤ ይሄ እሺ። ግን ደግሞ ወንዝ ዳር ባለው የውኃ መሳቢያ ሞተር ውስጥ ነው። መብራት በማይደርስበት ወይም ደርሶ በሚጠፋበት ቀበሌ ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው። ፓምፕ ታርጋ የለውም። ወፍጮም የለውም። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ አንዱ የገቢው ምንጭ፣ አንዱ የእንጀራው ምንጭ ነው።

ስለ ፓምፑ አንድ ስሌት ላሳያችሁ። ቁጥሮቹ የእኔ ግምት ናቸው፤ የምትጠራጠሩ የግብርና ሰዎች እዚህ አላችሁና በራሳችሁ ቁጥር ተኩት። አንድ ገበሬ አንድ ጥማድ ሽንኩርት አለው እንበል። አንዴ ለማጠጣት 5 ሊትር ቤንዚን ይፈጃል፣ በወቅቱ ውስጥ 15 ጊዜ ያጠጣል እንበል፤ 75 ሊትር። በታኅሣሥ 2014 ዋጋ ይህ 2,380 ብር ከ50 ነው። በታኅሣሥ 2017 ማብቂያ ዋጋ 7,610 ብር ከ25። ልዩነቱ ከ5,200 ብር በላይ ነው፤ ያውም ከአንድ ጥማድ፣ ያውም ገና ማዳበሪያና የተባይ መድኃኒት ሳይነሳ፣ ያውም ዝናብ አዝኖለት ቶሎ ካልቀረ።

ግን ስሌቱ እዚህ ላይ ቢቆም ደግ ነበር። ይህ የማደያ ዋጋ ነው። ለመሆኑ ገበሬው በማደያ ዋጋ ነው የሚገዛው? ከሚያዝያ 16 ቀን 2015 ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ ከግንቦት 1 ጀምሮ ደግሞ በመላ አገሪቱ ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ተወሰነ። ማደያዎችም በጄሪካን እንዳይቀዱ ይከለከላሉ፤ ክልከላው ኮንትሮባንድን ለመቆጣጠር ነው፣ ምክንያቱ ይገባኛል። ነገር ግን ፓምፑን ተሸክሞ ማደያ የሚሰለፍ ሰው የለም። ቤንዚን ወደ ፓምፕ የሚሄደው በጄሪካን ነው፤ ሌላ መንገድ የለውም። ስለዚህ ገበሬው ከቀበሌና ከግብርና ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ አጽፎ፣ ማደያ ወዳለበት ከተማ ሄዶ፣ ተሰልፎ፣ ነዳጅ ካለ ይቀዳል። ከሌለ ይመለሳል። ወይም ደግሞ ሁላችንም የምናውቀውን ያደርጋል፤ መንገድ ዳር በሃይላንድ የተደረደረውን ይገዛል።

የሃይላንዱ ዋጋ ማንም ጋዜጣ ላይ አይወጣም። በዚያ ዋጋ ላይ የተወሰነ ታሪፍ የለም፤ ነዳጁ በጠፋ ቁጥር ይወጣል፣ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ይወጣል፣ ሻጩም ውኃ ቀላቅሎበት እንደሆነ የሚታወቀው ሞተሩ ሲያስነጥስ ነው። ለምሳሌ ያህል ሊትሩን በ150 ብር አግኝቷል ብንል ያው 75 ሊትር 11,250 ብር ይሆናል። እንግዲህ በአዲስ አበባ የታወጀው ጭማሪ ማጀቴ ሲደርስ ሌላ ጭማሪ ወልዶ ነው። ስለ ነዳጅ ዋጋ ስንከራከር ሁልጊዜ የምንጠቅሰው የሚኒስቴሩን ሠንጠረዥ ነው፤ የማጀቴ ጓዳ የሚኖረው ግን በሃይላንዱ ዋጋ ነው።

ወፍጮው ጋ እንሂድ፤ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ እናልፈዋለን፣ ምናልባት አብዛኞቻችን ወንዶች ስለሆንን ይሆናል። ናፍጣ ሲጨምር የወፍጮ ቤቱ ባለቤት በኩንታል ወይም በጣሳ የሚያስከፍለውን ይጨምራል፤ ሌላ ምን ያድርግ። የወፍጮ ዋጋ ደግሞ በማንም የቤተሰብ ወጪ ጥናት ውስጥ ጎልቶ አይታይም፤ ትንሽ በትንሽ የሚከፈል ነገር ነው። ግን ክፍያው ከሴትዮዋ የመቀነት ገንዘብ ነው የሚወጣው፤ ከእንቁላልና ከቅቤ፣ ከጎመንና ከቃሪያ ከምታገኛት። ባልየው በሬ ሲሸጥ ሚስት ትመከር ይሆናል፤ ወፍጮ ሲጨምር ግን ስብሰባ አይጠራም፤ ከዚያችው ከመቀነቷ ይቀነሳል። ናፍጣ ጠፍቶ ወፍጮው ሲቆም ደግሞ እህሉን ተሸክማ ወይም አህያ ጭና ወደሚቀጥለው ከተማ ትሄዳለች። የሷ ግማሽ ቀን ስንት ብር ነው? በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ ስላልተጻፈ ዜሮ ነው ማለት አይደለም።

አሁን ብዙ ሰው ትልቁ ነገር ነው ብሎ የሚያስበውን እንመርምረው፤ ጭነቱን። ማንጎና ሽንኩርት በአይሱዙ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፤ ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ብስኩት፣ ቆርቆሮ ይመለሳል። «ናፍጣ ጨምሯል» ማለት ለነጋዴ ሁሉ ምክንያት ነው፤ ከኪሎው ላይ አሥር ብር ሲጨምርም ናፍጣ ነው፣ አምስት ብር ሲጨምርም ናፍጣ ነው። እስቲ እናስላው። ማጀቴ ከአዲስ አበባ በደርሶ መልስ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው እንበል። አይሱዙው ለሄደበትና ለተመለሰበት 140 ሊትር ናፍጣ ያቃጥላል እንበል፣ 50 ኩንታል ጭኖ። በታኅሣሥ 2014 ናፍጣ ወጪው 4,050 ብር ገደማ ነበር። በታኅሣሥ 2017 ማብቂያ 13,860 ብር ገደማ። ጭማሪው 9,800 ብር ነው። ለ50 ኩንታል ስናካፍለው በኩንታል 196 ብር፣ በኪሎ ሁለት ብር እንኳ አይሞላም። ያውም መኪናው ባዶውን ተመለሰ ብለን ሙሉውን ወጪ በሽንኩርቱ ላይ ጭነን ነው።

ሁለት ብር። አንድ ኪሎ ሽንኩርት በአንድ ዓመት ውስጥ በአሥሮች የሚቆጠር ብር ሲወጣና ሲወርድ ባየንበት አገር ሁለት ብር ትንሽ ነው። ስለዚህ «ናፍጣ ነው» የሚለውን ምክንያት ስትሰሙ ሙሉውን አትቀበሉ። ጎማ አለ፣ መለዋወጫ አለ፣ የኬላ ክፍያ አለ፣ የደላላ አለ፣ የመንገዱ ስጋት አለ። አጣዬና አካባቢው በ2013 ያየው መከራ፣ በኅዳር 2014 ጦርነቱ እስከዚያ መውረዱ፣ ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት፤ ሹፌር ወደ ማጀቴ ለመግባት ሲጠየቅ የሚያስበው የናፍጣውን ዋጋ ብቻ አይደለም። ይህን ሁሉ በነዳጅ ላይ ማላከክ ለነጋዴውም ለባለሥልጣኑም ይመቻል፤ ነዳጅ ከውጭ ስለሚመጣ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ሩቅ ነው።

ይሄን ካልኩ በኋላ ግን ሁለት ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም ሁለት ብር ነው ብሎ መሄድም ልክ አይደለም።

አንደኛው፣ የማጀቴ ቤተሰብ ይህን ጭማሪ ሁለት ጊዜ ነው የሚከፍለው። የአዲስ አበባ ሰው ሲገዛ ብቻ ይከፍላል። ገበሬው ግን ማንጎውን ሲሸጥ ነጋዴው የመርካቶን ወይም የአትክልት ተራን ዋጋ ይዞ ይመጣና የጭነቱን ቀንሶ ነው የሚከፍለው። ገበሬው ዘይትና ስኳር ሲገዛ ደግሞ ያው ነጋዴ የጭነቱን ጨምሮ ነው የሚሸጥለት። ሲሸጥ ይቀነስበታል፣ ሲገዛ ይጨመርበታል። ከዋናው መንገድ የራቀ ሁሉ በሁለቱም በኩል ይላጫል። ለዚህ ነው ከአስፋልቱ ወደ ማጀቴ የምትገባው አጭሯ መንገድ ከአዲስ አበባ እስከ ካራቆሬ ካለው ረጅም መንገድ ይልቅ የምታሳስበኝ፤ ረጅሙ መንገድ ላይ ተወዳዳሪ መኪና አለ፣ አጭሯ ላይ ያለችው አንዲት ዶልፊን ናት፣ ሹፌሩ የጠራውን ትከፍላላችሁ።

ሁለተኛው፣ ለበሰለ ማንጎ ከዋጋው ይልቅ ወረፋው ነው የሚጎዳው። ናፍጣ መቶ ብር ሆኖ በሰዓቱ ቢገኝ መኪናው ይመጣል። ናፍጣ ጠፍቶ መኪናው ሁለት ቀን ማደያ በር ላይ ቢያድር ማንጎው ይጠቁራል። ጤፍ ይጠብቃል፣ ማሾ ይጠብቃል፤ ማንጎና ፓፓያ አይጠብቁም፣ ቲማቲምም አይጠብቅም። የአንጾኪያ ሸለቆ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ፍራፍሬ እየተተከለበት የተለወጠ አገር ነው፤ ያኔ ረኀብ የታየበት መሬት ዛሬ ለገበያ ያመርታል። ለገበያ ማምረት ትልቅ እድገት ነው። ግን ለገበያ ማምረት ማለት ለመኪና ማምረት ማለትም ነው፤ ኑሮህን በናፍጣ ላይ ታስራለህ። አያቶቻችን ማሽላቸውን ጉድጓድ ውስጥ ቀብረው ሲኖሩ የነዳጅ ዋጋ አይመለከታቸውም ነበር፤ ናፍቆት አይደለም የምናገረው፣ ያ ኑሮ በ1977 ምን እንዳስከተለ የምናውቀው ነው።

አንድ ሰው እጁን ሊያወጣ ሲል አያለሁ፤ ጥያቄውን ገምቻለሁ። «ነዳጅ በዚህ ሁሉ ሲጨምር የዋጋ ግሽበቱ ቀንሷል፤ ይሄ እንዴት ይታረቃል?» ልክ ነው። በስታቲስቲክስ አገልግሎት አኃዝ መሠረት ግሽበቱ በግንቦት 2014 37.2 በመቶ ነበር፤ በጥር 2017 15.5 በመቶ ነበር። ያ ሁሉ ነዳጅ የጨመረው በዚሁ መካከል ነው። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የባንኮችን ብድር እድገት በ14 በመቶ ገድቦ ነበር፤ እሱ የራሱን ሥራ ሠርቷል። ስለዚህ «ነዳጅ ሲጨምር ሁሉ ነገር ይጨምራል» የሚለው አባባል በቁጥር ሲፈተን አይቆምም። ሁለት ነገር ግን አትርሱ። ግሽበት ቀነሰ ማለት ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም፤ ባለፈው ዓመት በጨመረው ላይ ዘንድሮ ትንሽ ጨመረ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ያ ቁጥር የገበያ አማካይ ነው። ፓምፑን፣ ወፍጮውንና ከአስፋልት የምትገባውን ዶልፊን የሚከፍለው ቤተሰብ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቅ ከቁጥሩ አታዩትም።

ከዚያ ደግሞ ገቢው አለ። በ2017 መጀመሪያ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ተሻሽሎ ነበር፤ ዝቅተኛው ያኔ ከ1,500 ወደ 4,760 ብር ከፍ አለ። ለማጀቴ መምህርና ነርስ ጥሩ ነው፤ ይበቃል ማለቴ ግን አይደለም። ለገበሬው የደመወዝ ማስተካከያ የሚያደርግለት ማነው? ማንጎው ነው። ማንጎው ደግሞ ከላይ እንዳልኩት ነው። የቀረው አረብ አገር ያለችው ልጅ ናት፤ ከይፋትና ከወሎ ቆላ ስንት ልጅ እንደሄደ ታውቃላችሁ። ፓምፑን የገዛችው ብዙ ጊዜ እሷ ናት። አሁን የፓምፑን ቤንዚንም እሷ እየገዛች ነው። እናንተም አዲስ አበባ ያላችሁ ስልካችሁ ሲጮህ የምትሰሙት ይኸው ነው፤ «ነዳጅ» የሚል ቃል ግን ከአባቶቻችን አፍ አይወጣም። «ዘንድሮ ትንሽ ጠበበን» ነው የሚሉት።

ታዲያ ቤተሰቡ ከየት ነው የሚቀንሰው? እዚህ ላይ መጽሐፋችን የሚለው አለ። በእኛ አገር ቤተሰብ ወጪ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ምግብ ነው፤ ትራንስፖርት ትንሽ ድርሻ ነው ያለው። ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው የትራንስፖርት ዋጋ ብዙ አይጎዳም» የሚል ተማሪ በፈተና ላይ ነጥብ ያገኝ ይሆናል። ግን ድርሻው ትንሽ የሆነበት አንዱ ምክንያት ሰዎች ስለማይሄዱ ነው። ያልተሄደ መንገድ ወጪ ሆኖ አይመዘገብም።

እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ ያየሁት ነው። መጀመሪያ የሚቀነሰው ስጋ ነው፤ እሱን ሁሉም ይጠብቀዋል፣ በዓል እስኪመጣ ይታገሣል። ቀጥሎ ስኳር ይቀንሳል፤ ቡና በጨው ይጠጣል፣ ይሄም ችግር የለውም፣ ድሮም ይጠጣ ነበር። ቀጥሎ የልጁ ነው። አጣዬ ወይም ሸዋ ሮቢት ቤት ተከራይቶ የሚማረው ልጅ ቅዳሜና እሑድ ስንቅ ለመውሰድ ይመጣ ነበር፤ አሁን በሁለት ሳምንት አንዴ ይመጣል፣ ስንቁም በዚያው ልክ ይሳሳል። ከዚያ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ነፍሰ ጡሯ ለክትትል መሄድ ያለባትን ሁለቱን ጊዜ ታልፋለች፤ «ጤነኛ ነኝ፣ ምን ልሠራ?» ትላለች። አባትየው የደም ግፊት መድኃኒቱን ለመቀበል በየወሩ የሚሄድበትን መንገድ በሁለት ወር አንዴ ያደርገዋል፤ መድኃኒቱ እኮ ርካሽ ነው፣ ባጃጁና ዶልፊኑ ነው የሚከብደው። ይህ ሁሉ በጥናት ላይ እንዴት ይታያል? የትራንስፖርት ወጪ ቀነሰ ተብሎ! የጤና ወጪም ቀነሰ ተብሎ! ቁጥሩ ደግ ነገር የሆነ ያስመስለዋል።

ስለዚህ የምለው ይህን ነው። ድጎማው ይመለስ አልልም፤ የሚያዋጣም አይመስለኝም። የምለው ያለውን ትንሽ ገንዘብ ታርጋን ብቻ እየተከተልን አናፍሰው ነው። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የትኛው ገበሬ ፓምፕ እንዳለው ያውቃል፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኞቻችን በስም ያውቋቸዋል። ለታክሲ በቴሌብር ሲመለስ የነበረ ልዩነት ለተመዘገበ ፓምፕ የማይመለስበት ቴክኒካዊ ምክንያት የለም። በጄሪካን መቅዳትን በደፈናው ከመከልከል ይልቅ ለተመዘገበው ገበሬ በሳምንት የተወሰነ ሊትር መፍቀድ ይቻላል። ማጭበርበር አይኖርም? ይኖራል። አሁንስ የለም ወይ? ሃይላንድ ውስጥ ያለው ቤንዚን ከሰማይ አልወረደም፤ ከማደያ ነው የወጣው።

የፀሐይ ፓምፕስ? ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የኢንጂነሪንግ ሰዎቻችን ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። ፀሐይ በይፋት ቆላ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ከጥር 2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሎ የኤሌክትሪክ መኪና ሲበረታታ ከተማው ውስጥ ብዙ ተብሏል። ስለ ፓምፕ ግን እንደዚያ ሲባል አልሰማሁም። አንድ የቤንዚን ፓምፕ ገበሬው ከአንድ ወቅት ሽንኩርት ሊገዛው ይችላል፤ የፀሐይ ፓምፕ ግን መነሻው ከባድ ነው፣ ብድር ያስፈልገዋል፣ ባንኩ ደግሞ ለሽንኩርት ገበሬ ሲያበድር ወገቡን ያመዋል። ይህን የሚፈታ ሰው ከዚህ አዳራሽ ይወጣል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እኔ ግን መፍትሔው በእጄ የለም።

በእጄ ያለው አንድ ነገር ነው፤ ወደ እሱ ልሂድና ላብቃ። ዛሬ ከመናገሬ በፊት የማጀቴን የሃይላንድ ቤንዚን ዋጋ በየወሩ ከሦስት ዓመት ወዲህ ሊያሳየኝ የሚችል ሰነድ ፈልጌ ነበር። የወፍጮ ዋጋም፣ ከአስፋልት ወደ ማጀቴ የዶልፊን ዋጋም እንዲሁ። አላገኘሁም። የአዲስ አበባውን እስከ ሳንቲሙ ነገርኳችሁ፤ የማጀቴውን «እንበል» እያልኩ ነው የሄድኩት። እዚህ ያለን ሰዎች ተማሪዎቻችን፣ ጓደኞቻችን፣ የክፍል ጓደኞቻችን በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬ፣ በካራቆሬ፣ በማጀቴና በመኮይ መምህር፣ ነርስና የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ናቸው።

ደብተር ነው የምጠይቃችሁ። በየወሩ በአንድ ቀን ዘጠኝ ነገር የሚጻፍበት፦ የማደያው ዋጋና ነዳጅ መኖር አለመኖሩ፣ የሃይላንዱ ዋጋ፣ የአንድ ኩንታል የወፍጮ ዋጋ፣ ወደ ዋናው መንገድ የመውጫ ዋጋ፣ ገበሬው ማንጎ ወይም ሽንኩርት በኪሎ የሸጠበት፣ የዘይት፣ የስኳርና የሳሙና ዋጋ። ዘጠነኛው ቁጥር አይደለም፤ በዚያ ወር በትራንስፖርት ምክንያት ያልተሄደ ሐኪም ቤት ወይም ትምህርት ቤት ካለ አንድ መስመር ይጻፍ። የሰው ስም አይጻፍም። ለዚህ የሚያስፈልገው አሥር ደቂቃ ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን የኢኮኖሚክስ ክፍሉ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን «እንበል» ሳይል ሊጽፍ ይችላል።

ደብተሮቹ 40 ናቸው፣ ታትመው መጥተዋል፤ ከመግቢያው በስተግራ ባለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። በየከተማው አንድ ሰው የምታውቁ ስሙን ሳይሆን የምታስረክቡለትን የራሳችሁን ስም ከምሳ በፊት አስመዝግቡ። ለማጀቴ ሦስት ያስፈልገናል፤ አንዱን እኔ ወስጃለሁ።